ከክሩ ሥር ያለው ጨርቅ

ሀዘን ቤት ሙዚቃ አይከፈትም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ የሚነግረኝም አላስፈለገኝም። ባለቤቴ በሞተ ዕለት፣ አስከሬኑ ገና ከሆስፒታል ሳይመጣ፣ አንዷ ጎረቤቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጠላ ጣል አደረገችበት፤ ሌላዋ ሬዲዮኑን ከመስኮቱ አንስታ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ጊታሩን ማን እንዳነሳው ግን አላየሁም። ከቀብር ስንመለስ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የቀረው ምስማሩና ከሥሩ ቀለሙ ያልደበዘዘ ቦታ ብቻ ነበር። ከሰልስቱ በኋላ ቤት ስጠርግ አልጋችን ሥር አገኘሁት። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቷል። መልሼ ሸፈንኩት።

ባለቤቴ ወንጂ የሸንኮራ ወፍጮ ሲጠግን ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። ጊታር የለመደው ግን ከዚያ በፊት ነው፣ በልጅነቱ ኩየራ ሚስዮን ትምህርት ቤት ሲማር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ሳሎናችን ውስጥ የሰፈሩን ወጣቶች ያስተምር ነበር። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። እነሱ ሳሎን ተቀምጠው ጊታር ሲነካኩ እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ጓዳ ውስጥ ፈተና አርማለሁ። ዓመታት እንዲህ ስላለፉ እሱ የሚለውን ሁሉ ሳላስበው በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ቀስ በል! ማን አባረረህ? መጀመሪያ ይጥራ፣ ፍጥነቱ ሲፈልግ ይመጣል።»

«አንገቱን አትነቀው፣ ዶሮ መሰለህ?»

«ጣትህ ከክሩ ርቆ የት ነው የሚሄደው? ባጃጅ ሊይዝ ነው?»

«ትንሿን ጣት ሰነፍ ናት ብለህ አትተዋት። ሥራ የሰጣት ሰው የለም እኮ!»

ልጆቹ ሲስቁ እኔም ጓዳ ሆኜ እስቅ ነበር። አንዳንድ ጊዜ፣ ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ እጄን ይዞ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየዘረጋ ያያቸዋል። «አንቺ እኮ ያለሽ የጊታር ጣት ነው» ይለኛል። «የጠመኔ ጣት ነው» እለዋለሁ። ነገሩ በዚሁ ያልቃል። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ጊታሩን ያነሳሁት አቧራ ለመጥረግ ብቻ ነው።

ከአርባው በኋላ የሰው እግር ቀነሰ። እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ ሰው ሥራ አለው። እኛ ልጅ አልወለድንም። ቤቱ ውስጥ የቀረሁት እኔና ነጠላ የለበሰው ቴሌቪዥን ነን። የአዳማን የከሰዓት ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውሻው እንኳ ከግንቡ ጥላ አይወጣም፣ ግቢው ጭር ይላል፣ ከመንገዱ አልፎ አልፎ የባጃጅ ድምፅ ብቻ ይመጣል። በእንዲህ ያለ አንድ ከሰዓት አልጋ ሥር ገብቼ ብርድ ልብሱን ፈታሁ። አቧራውን ልጠርግለት ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ጨርቁን ሳሳልፍ ወፍራሙ ክር ጮኸ። ደንግጬ በመዳፌ አፈንኩት። የሚጮህ ሰው አፍ የምይዝ ይመስል አጥብቄ ነው የያዝኩት። መስኮቱን አየሁ። ከግንቡ ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ልብስ የምትዘፈዝፍበት የውኃ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አላቋረጠም።

መልሼ መሸፈን ነበረብኝ። እኔ ግን እሱ ያደርገው የነበረ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የጎረቤት ሕፃን ሲተኛ ትምህርቱን አያቋርጥም፤ ጨርቅ አጣጥፎ ከክሮቹ ሥር፣ የክሮቹ ጫፍ በሚታሰርበት በድልድዩ በኩል፣ ይወትፍና «አሁን ጣት ብቻ ነው የምናሠራው» ይላል። ያኔ ክሩ አይዘምርም፤ በጣት ጠረጴዛ የተመታ ያህል ብቻ ያሰማል። የእሱን አሮጌ ካናቴራ ቀደድኩ፣ አጣጠፍኩ፣ ወተፍኩ። ከዚያ ጊታሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ስሰማው የኖርኩትን የጣት ሥራ ጀመርኩ።

ሥራው ሲናገሩት ቀላል ነው። የግራ እጅ አራት ጣቶች በአንገቱ ላይ በተከታታይ ይሰለፋሉ፤ ለእያንዳንዱ ጣት በሁለት ብረት መካከል ያለ አንድ ክፍል። አንዱ ሲጫን ሌላው ይጠብቃል፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ትንሿ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ክር። ወርዶ መውጣት። ያረፈው ጣት ቶሎ እንዳይነሳ፣ ያላረፈው ደግሞ እንዳይርቅ መጠበቅ። የመጀመሪያ ቀን ትንሿ ጣቴ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። አዛታለሁ፣ የቀለበት ጣቴ ይንቀሳቀሳል። ጫፎቹ እንደ ተቃጠለ ነገር ለበለቡኝ። ልብስ ሳጣጥፍም፣ ሽንኩርት ስልጥም፣ ክሩ የረገጠው መስመር ጣቴ ላይ ነበር።

በማግስቱም አወጣሁት። እሱ ጓዳ የለም፣ ሳሎንም የለም፣ ግን ድምፁ አለ። «ቀስ በይ፣ ማን አባረረሽ?» ከእሱ ጋር ለመሆን ነው እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። ሀዘኔ ይሄ ነው አልኩ። እውነቱን ስጽፍ ግን ይህ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ነው የሚሠራው። አንድ ከሰዓት ትንሿ ጣቴ ታዘዘች። አራቱም ጣቶች፣ ሳላያቸው፣ እንደሚራመድ ሰው እየተከታተሉ ከወፍራሙ ክር እስከ ቀጭኑ ሄዱ፣ ተመለሱ። ደጋገምኩት። አፈጠንኩት። ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ወርዳ ወለሉ ላይ እስክትደርስ ድረስ ቀና አላልኩም። ቀና ስል ጥቁር ቀሚሴን አየሁ፤ ያን ሁሉ ሰዓት እሱን አንድም ጊዜ እንዳላስታወስኩት ያኔ ገባኝ። ደስ ብሎኝ ነበር የቆየሁት። መጽናናት ሌላ ነው። እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጊታሩን ብርድ ልብሱ ውስጥ ጠቅልዬ ተውኩት። በነጋታው ግን አወጣሁት።

የጋብቻ ቀለበቴ ሌላው ነገር ነው። የቀለበት ጣት በጊታር ላይ ትልቅ ሥራ አለው፤ ቀለበቱ ደግሞ የአንገቱን እንጨት ይመታል፣ ጣቱንም ያከብደዋል። መጀመሪያ ላይ ታገስኩት። በኋላ ግን ከመጀመሬ በፊት እያወለቅኩ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ባለች ትንሽ ሳህን ውስጥ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ስጨርስ አደርገዋለሁ። ላወልቀው በሄድኩ ቁጥር ከጎኔ የሆነ ሰው እንዳለ ሁሉ ጀርባዬን እሰጣለሁ።

የባለቤቴ ታላቅ እህት መቂ ነው የሚኖሩት። ቲማቲምና ሽንኩርት ሲያስጭኑ ያረጁ ሴት ናቸው፤ የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ሁሉ ያበጠ ነው። ወንድማቸው ከሞተ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ይመጣሉ። ግቢው በር ላይ ሆነው «አካም ጅርታ፣ የወንድሜ ሚስት!» ብለው ይጣራሉ፤ አንድ ፌስታል ቀይ ሽንኩርት ወይ ቲማቲም ያስቀምጡና ያለቅሳሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ወሬ ይጀምራሉ። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ከእሱ ወገን የቀሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ስንሳሳም ግራ እጄን ያዙና ሳይለቁ ቀሩ። አውራ ጣታቸውን በጣቶቼ ጫፍ ላይ እያመላለሱ ዳሰሱት።

«ማሊ ኩኒ? ይሄ ምንድን ነው? እጅሽ ድንጋይ ሆነ እኮ!»

እጄን ልስብ ስል አጥብቀው ያዙት።

«ልብስ እያጠብሽ ነው አይደል? ቀን ከሌት ትፈትጊያለሽ። ወለሉንም አንቺው ነሽ፣ ግቢውንም አንቺው ነሽ። አውቀዋለሁ፣ እኔም ባሌ ሲሞት እንዲሁ ሆኜ ነበር። ሥራ ውስጥ ተቀብሬ።» ዓይናቸው ሞላ። «ወንድሜ እኮ ይሄን እጅ ነበር የሚያሞግሰው።»

እዚያች ላይ መናገር እችል ነበር። «አይ እትዬ፣ ልብስ አይደለም» ብል በቂ ነው። አፌ ግን «ምን ላድርግ እትዬ» አለ። ይኼው ነው ያልኩት። ውሸት አይደለም ብዬ ለራሴ ተከራከርኩለት፤ አስተማሪ ስለሆንኩ ዓረፍተ ነገር መከራከሪያ እንደሚሆን አውቃለሁ።

እሳቸው ነጠላቸውን አውልቀው ወገባቸው ላይ አሰሩ። ሳፋውን ራሳቸው ከጓሮ አወጡ።

«ተቀመጪ።»

«እትዬ፣ ኧረ በሞቴ ይተዉት!»

«በማን ሞት? ሰው ሞቶ አልበቃንም? ተቀመጪ አልኩሽ።»

ጥላ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ፣ ቆሻሻ ልብሴን ከቅርጫቱ ዘረገፉ፣ በእነዚያ ባበጡ ጣቶች ማጠብ ጀመሩ። ጥቁር ቀሚሴን፣ አንሶላዬን፣ ሁሉን። ሲያጥቡ ከግንቡ ወዲያ ላለችው ጎረቤቴ ይነግሯታል። «ይህቺ ልጅ ራሷን በሥራ ልትገድል ነው! እጇን ብታዪው!» ጎረቤቴ በማግስቱ ቫዝሊን ይዛ መጣች። «ማታ ማታ ቀቢው፣ ያለሰልስልሻል» አለችኝ። አመሰገንኳት። አልቀባሁትም። የጠነከረው ቆዳ ከለሰለሰ ሁሉንም ከመጀመሪያው መጀመር ነው፤ ያን ሁሉ ያቆሰለኝን መንገድ እንደገና መሄድ አልፈለግሁም። የቫዝሊኑን ዕቃ ሳይከፈት ያየ ሰው እንዳይኖር መደርደሪያው ላይ ወደ ኋላ ገፋሁት።

እትዬ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሁሉ አጠቡልኝ። ያመኛል ብለው አያውቁም፤ ልብሱን ሲጨምቁ ግን ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ከሄዱ በኋላ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ልብስ እያየሁ፣ እሑድ ጊታር አላነሳም ብዬ እወስናለሁ። እሑድ አነሳለሁ። ጣቶቼ በየሳምንቱ እየጠነከሩ ሄዱ፣ እሳቸውም በየሳምንቱ እየዳሰሷቸው «አልቀነሰም እኮ፣ ምን ታደርጊያለሽ እኔ ከሄድኩ በኋላ?» ይሉኛል። ጥፋቴ በእጄ ላይ እንዲህ ተጽፎ፣ እሳቸው ሌላ ነገር እያነበቡት ነበር።

ደግሞም ብቃቴ ያኮራኝ ነበር። ይህንንም አልደብቅም። አንዱን የጣት ሥራ ከሌላው አገናኝቼ፣ እሱ ለጎበዝ ተማሪዎቹ ብቻ የሚሰጠውን፣ ክር እየዘለሉ የሚሄዱበት ላይ ደርሻለሁ። በጨርቁ ምክንያት ዜማው አይሰማም፤ ምቱ ብቻ ነው የሚሰማው። ምቱ ግን እኩል ነው፣ ፈጣን ነው። እሱ ቢኖር ምን ይል ነበር እያልኩ አስባለሁ፤ ያኔ ደግሞ እሱ ቢኖር ጊታሩን እንደማላነሳው ትዝ ይለኛል።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ከወትሮው ቀድመው መጡ። ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዳማ የሚመጣ መኪና አሳፍሯቸው ነው። እኔ ጧት ላይ ጥቂት ልሥራ ብዬ ተቀምጬ ነበር። ድምፃቸውን ከበሩ ስሰማ ጊታሩን አልጋ ሥር ገፍቼ፣ ነጠላዬን ደርቤ ሮጥኩ። ተሳሳምን። እጄን እንደ ልማዳቸው ያዙት። አውራ ጣታቸው በጫፎቹ ላይ አለፈ፣ ከዚያ ወደ ታች ወረደ፣ የቀለበት ጣቴ ሥር ሲደርስ ቆመ።

«ቀለበቱስ?»

ሳህኑ ላይ ነው። ወጥ ቤት መስኮት ላይ።

«ልብስ ሳጥብ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ልብስሽን እኔ ነኝ የማጥበው።»

እጄን ለቀቁ። ፊታቸውን ሳይ ምን እንዳሰቡ ገባኝ። ባሏ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ቀለበት ያወለቀች ሴት፣ ስትጠራ ቆይታ የወጣች፣ ጉንጯ የቀላ። ዓይናቸው በትከሻዬ ላይ አልፎ ወደ ተዘጋው የመኝታ ቤት በር ሄደ።

«ሰው አለ?» አሉኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እስካሁን የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ የተናገርኩት ኅሊናዬ አስጨንቆኝ አልነበረም። የባሰ ነገር እንዳያስቡብኝ ፈርቼ ነው። «ማንም የለም እትዬ፣ ይግቡ ይዩ» አልኩና ራሴ ቀድሜ ገባሁ፣ ተንበርክኬ ጊታሩን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ብርድ ልብሱ እግሬ ሥር ወደቀ።

እሳቸው በሩ ላይ እንደ ቆሙ ቀሩ። ጊታሩን አዩ። እጄን አዩ። ደግመው ጊታሩን አዩ።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«እጅሽን ያደረቀው?»

«አዎ።»

ቀስ ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ራሳቸው የገዛ ጣቶቻቸውን ማሸት ጀመሩ፤ እያወቁ ያደረጉት አይመስለኝም። እኔ ግን ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም።

«እስቲ ምቺ» አሉ።

«እትዬ...»

«ምቺ!»

ተቀመጥኩ። ያን ፈጣኑን፣ ክር የሚዘለውን ሠራሁ። አልተሳሳትኩም። ስጨርስ ፊታቸው ተኮሳትሮ ነበር።

«ምንድን ነው? በር ነው የምታንኳኪው?»

«ጨርቅ ስላለበት ነው። ሰው እንዳይሰማ።»

«አውጪው።»

«ሀዘን ነው እኮ፣ ሰዉ ምን ይለኛል...»

«የማን ሀዘን ነው? የወንድሜ አይደል? አውጪው አልኩ።»

የካናቴራውን ቁራጭ ሳብኩት። ከዚያ ያንኑ በዚያው ፍጥነት መታሁ።

የወጣውን ድምፅ እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። በወራቱ ሙቀት ክሮቹ ሁሉ ላልተዋል፤ አንዱ እዚያ አንዱ እዚህ ሄዷል። በጨርቅ ታፍኖ ስለነበር አልሰማሁም። ጣቴ በትክክል ያረፈ ሲመስለኝም ግማሹ ይንጣጣል፣ ግማሹ ያቃስታል። ያን ሁሉ ጉልበትና ፍጥነት የሰበሰብኩት ድምፁን አንድ ቀን ሳልሰማ ነው። «መጀመሪያ ይጥራ» ይል ነበር፤ እኔ የጠራውን ካልጠራው የምለይበትን ነገር ራሴ ወትፌው ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ቆምኩ።

ከግንቡ ወዲያ የጎረቤቴ የውኃ ድምፅ ቆሟል።

«ለዚህ ነው ልብስሽን ሳጥብ የከረምኩት?» አሉ እትዬ።

ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ የሚያለቅሱ መሰለኝ። ሲስቁ ነው። ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም፤ ሳቃቸው የእሱ ሳቅ መሆኑንም ረስቼው ነበር። «ወዮ ወንድሜ! ወዮ! ይሄን ሳይሰማ መሞቱ!» እያሉ ጉልበታቸውን መቱ፣ ከዚያ በዚያው ትንፋሽ ሳቁ ልቅሶ ሆነ። ሁለታችንም አለቀስን። ነጠላዬን ስቤ ፊቴን ሸፈንኩ። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

ሲረጋጉ ከአልጋው ላይ የካናቴራውን ቁራጭ አንስተው አዩት። የእሱ መሆኑን ያወቁት ይመስለኛል፤ አንገቱ አካባቢ ያለውን ስፌት በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ሰጡኝ።

«መልሺው ቦታው» አሉ። «ለሀዘኑ ብዬ አይደለም። ለጎረቤቶችሽ አዝኜ ነው።»

ያን ቀን ልብሴን አላጠቡም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሽንኩርቱ ጋር አንድ ትልቅ ፌስታል ይዘው መጡ። ልብሳቸው ነው። ጓሮ ሄጄ ሳፋውን ከማምጣቴ በፊት በርጩማው ላይ፣ እኔ እቀመጥበት በነበረው ጥላ ውስጥ፣ ተቀምጠዋል። «በደንብ ፈትጊው፣ የመቂ አቧራ ነው» አሉኝ። ፈተግሁ። ለረጅም ሰዓት ውኃ ውስጥ የቆየ ጣት እንደሚለሰልስ የጊታር ሰው ያውቀዋል። ስጨርስ የጣቴ ጫፎች ነጥተውና ተሸብሽበው፣ የሰበሰብኩት ጥንካሬ እየተላጠ ነበር። አላዘንኩበትም። ልክ መሰለኝ።

ልብሱን ካሰጣሁ በኋላ «በይ ግቢ» አሉ። «ዛሬ የሚጣደፈውን አይደለም። ቀስ ያለውን።»

ቀለበቴን ላወልቅ ወደ ወጥ ቤቱ ሳህን ስሄድ ጠሩኝ። መዳፋቸውን ዘርግተው ነበር። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝና ቀለበቱን አውልቄ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። ያበጡት ጣቶች ተዘጉበት።

አሁን ቅዳሜ ሁሉ እንዲህ ነው። አጥባለሁ፣ ከዚያ በለሰለሰ ጣት፣ ከተወተፈ ክር ጋር፣ በዝግታ እሠራለሁ። ክሩ ጣቴን ይለበልበኛል። ሙት ዓመቱ ገና ነው። ሲደርስ ጨርቁን ማውጣት፣ ክሮቹን መቃኘት ይኖርብኛል፤ ክሩን የሚወጥሩትን ብሎኖች ለመጨረሻ ጊዜ ያዞረው እጅ የእሱ ስለሆነ ስለዚያ ማሰብ አልወድም። ጥፋተኛነቱም አለቀ አልልም። ትንሿ ጣቴ በደንብ ስትታዘዝ አሁንም ደስ ይለኛል፤ ደስ ሲለኝ አሁንም ወደ እትዬ ቀና ብዬ አያለሁ። እሳቸው የተጨበጠ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መስኮቱን ያያሉ። ስጨርስ መዳፋቸውን ይከፍቱና ቀለበቱን ይመልሱልኛል። ሞቆ ነው የሚመለስልኝ።